ስንት ጊዜ ሲደጋገም ነው ጉዳት የሚሆነው?

ስለ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴና ስለ ሥራ ጉዳት ምዘና ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ደም ስለማይፈስበት የሥራ ጉዳት ነው። ሠራተኛ ከሕንፃ ላይ ሲወድቅ ወይም ጣቱን ማሽን ሲቆርጠው ቀኑም ሰዓቱም ይታወቃል፤ ምስክርም አይጠፋም። አንዲት የስፌት ሠራተኛ ግን ዓመታት ሙሉ ያንኑ እጅጌ ስትገጥም ቆይታ አንድ ሌሊት የእጇ መደንዘዝ ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሳት፣ ተጎዳች የምንለው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? ጎረቤት «ብርድ ነው የመታሽ» ይላታል። አለቃዋ «ቁርጥማት የሌለበት ማን አለ?» ይላታል። እሷም እጇን እያራገፈች፣ በጨርቅ እየጠቀለለች፣ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ሐኪም ዘንድ ደርሳ ዕድለኛ ከሆነች «ተደጋጋሚ የእጅ እንቅስቃሴ ያለበት ሥራ እንዳትሠራ» የሚል ወረቀት ይጻፍላታል። ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን ያነብና ከስፌት መኪናው አንስቶ ክር ቆረጣ ላይ ያስቀምጣታል። ክር ቆረጣ ደግሞ መቀስ ሲከፍቱና ሲዘጉ መዋል ነው። ሰውየው ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ወረቀቱ የትኛው እንቅስቃሴ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሆነ አልነገረውም። ወራት ቆይቶ የካሳ ጥያቄ ሲነሣ ክርክሩ የሚገጥመው እዚያው ላይ ነው። አሠሪው ሥራው ቀላል ነው ይላል፤ ሠራተኛዋ ከባድ ነው ትላለች፤ የጉዳቱን መጠን የሚወስነው ሐኪም ደግሞ ሥራውን በዓይኑ አላየውም።

እኔ የምለው ይህን ነው። መደጋገም በሥራ መደብ መጠሪያ ውስጥ አይገኝም። «ልብስ ሰፊ»፣ «ጸሐፊ»፣ «ክፍል አጽጂ» የሚሉት ስሞች ስለ እጅ አንጓና ስለ ትከሻ የሚነግሩን ነገር የለም። መደጋገም የሚታወቀው ሰውየው ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ በማየት፣ የሚንቀሳቀሰውን የሰውነት ክፍል በመለየት፣ በመቁጠር፣ ቁጥሩንም ከሚወጣው ጉልበት፣ ከአካል አያያዝ፣ ከዕረፍትና ከሰዓት ጋር አያይዞ በመጻፍ ነው። ይህ ሳይደረግ የሚሰጥ የጉዳት ምዘና ግምት ነው። በግምት የሚጎዳው ደግሞ «አስረዳ» የሚባለው ወገን ነው፤ እሱም ሠራተኛው ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፈውን መጽሐፍ መጀመሪያ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1700 በሞዴና ከተማ ነበር። በሽተኛ የሚመረምር ሐኪም ከሌሎቹ ጥያቄዎች ጋር «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት ያለው እሱ ነው። በ1713 በወጣው ሁለተኛ እትም ስለ ጸሐፊዎችና ስለ ውል አዋዋዮች አንድ ምዕራፍ ጨመረ፤ ለሕመማቸውም ሦስት ምክንያት አስቀመጠ፤ ሁልጊዜ መቀመጥ፣ እጅን ሳያቋርጡ በአንድ አቅጣጫ ማንቀሳቀስ፣ ስሕተት እንዳይገባ አእምሮን ማስጨነቅ። በዕድሜ ልክ ጽሕፈት ቀኝ እጁ ስለዛለበት አንድ ውል አዋዋይም ይተርካል። ሰውየው በግራ እጁ መጻፍ ተማረ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ሕመም ግራ እጁን ያዘው። ከ300 ዓመት በፊት በተጻፈ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለዛሬ መዛኝ ትልቅ ትምህርት አለ። ሕመሙ ሥራውን ተከትሎ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ከተሻገረ፣ ምክንያቱን ከሥራው ውጭ መፈለግ ያስቸግራል።

አሁን ደግሞ እጃችንን እንመልከት። ከመዳፋችን ሥር፣ ከአጥንትና ከጠንካራ ማሰሪያ የተሠራ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጣቶቻችንን የሚያጥፉ 9 ጅማቶች ሚዲያን ከሚባለው ነርቭ ጋር ተጨናንቀው በዚያ ያልፋሉ። ጣት በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥር ጅማቶቹ በሽፋናቸው ውስጥ፣ ሰይፍ በአፎቱ እንደሚመላለስ፣ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ። በቂ ዕረፍት ካገኙ ያገግማሉ። ካላገኙ ሽፋናቸው ይወፍራል፤ መተላለፊያው ይጠባል፤ የሚጨመቀውም ነርቩ ነው። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ፤ ትንሿ ጣት ግን ደህና ናት፤ እሷን የሚያገለግለው ሌላ ነርቭ ነውና። ሌሊት ይብሳል፤ በሽተኛዋ ተነሥታ እጇን ታራግፋለች። ካርፓል ተነል ሲንድረም የሚባለው ይህ ነው። በአውራ ጣት በኩል ያለው የጅማት ሽፋን ሲቆጣ ወይም ከክርን አጥንት ጋር የተያያዘው ጅማት ሲታመም ደግሞ ሌላ ስምና ሌላ ሕክምና አለው። ስለዚህ «እጇን ያማታል» የሚል ምዘና ገና አልተጀመረም ማለት ነው፤ የትኛው ጣት፣ የትኛው ጎን፣ በየትኛው ሰዓት ተብሎ መጠየቅ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባርባራ ሲልቨርስታይን፣ ሎውረንስ ፋይንና ቶማስ አርምስትሮንግ ያሳተሟቸው ጥናቶች በዚህ መስክ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ትርጉም ሰጡ። አንድ ሥራ ከፍተኛ መደጋገም አለበት የሚባለው፣ አሉ፣ አንዱ ዙር ከ30 ሰከንድ በታች የሚፈጅ ከሆነ ነው፤ ወይም ዙሩ ረዘም ቢልም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጊዜ በዚያው በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ የሚያልፍ ከሆነ ነው። በዚህ መለኪያ 652 የኢንዱስትሪ ሠራተኞችን ሲመረምሩ፣ ጉልበቱም መደጋገሙም ዝቅተኛ በሆነባቸው ሥራዎች ላይ ካርፓል ተነል የተገኘባቸው 0.6 በመቶ፣ ሁለቱም ከፍተኛ በሆነባቸው ላይ ግን 5.6 በመቶ ነበሩ። ሌሎቹን ምክንያቶች አስተካክለው ሲያሰሉት ልዩነቱ ከ15 እጥፍ በላይ ሆነ። ለዚህ ሕመም መደጋገሙ ከጉልበቱ የበለጠ አደገኛ ሆኖ መታየቱም የዚያ ጥናት ግኝት ነው።

ችግሩ የመጣው ከጥናቱ በኋላ ነው። 30 ሰከንድ የሚለው ቁጥር ለአፍ ስለሚመች፣ ብዙ ሰው «ወይም» ከሚለው ቃል በኋላ ያለውን ረሳው። ሁለተኛው ሐረግ ግን ብዙ ሠራተኛ የሚተርፍበት ነው። ይህን በምሳሌ ላሳያችሁ።

አንዲት ሠራተኛ እጅጌ ትገጥማለች እንበል። ከግራዋ ካለው ክምር እጅጌውን ታነሣለች፤ ከሸሚዙ አካል ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ታገናኛለች፤ መርፌው ሥር ታስገባለች፤ ጥቂት ሰፍታ ታቆማለች፤ ጨርቁን በጣቷ ቆንጥጣ ታስተካክላለች፤ እንደገና ትገፋለች፤ እጅጌው ክብ ስለሆነ ይህንኑ ደጋግማ ታደርጋለች፤ ስትጨርስ በቀኟ ወዳለው ክምር ትወረውራለች። አንዱ ዙር 40 ሰከንድ ፈጀ። በ30 ሰከንዱ መለኪያ ብቻ የሚሄድ መዛኝ እዚህ ላይ ደብተሩን ይዘጋል፤ «ሥራው ተደጋጋሚ አይደለም» ይላል።

አንድ ደቂቃ እንታገሠውና የቀኝ እጇን አንጓ ብቻ እንቁጠር። በአንድ ዙር 8 ጊዜ ከታጠፈ፣ በደቂቃ 12 ጊዜ ማለት ነው፤ በየ5 ሰከንዱ አንድ ጊዜ። ከሰዓቱ ላይ ምሳና ልዩ ልዩ መቋረጥ ተቀንሶ 7 ሰዓት ከሠራች 5,040 ጊዜ ታጥፋለች። በዚያ ላይ ታርጌት አልሞላም ተብሎ 2 ሰዓት ኦቨርታይም ቢጨመር 6,480 ይሆናል። በነገው ቀንም እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም። ከዙሩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጊዜ በዚያው በመቆንጠጥና በመግፋት ስለሚያልፍ ሁለተኛው ሐረግ ይደርስላታል፤ የዙሩ ርዝመት ብቻ ግን ይህን ሁሉ ደብቆት ነበር።

ይህቺኑ ሠራተኛ ይዘን የተለያዩትን መለኪያዎች እንጠይቅ። ስዊድናዊቷ ኦሳ ሺልቦም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው መመሪያ ወሰኑ እንደ ሰውነት ክፍሉ ይለያያል፤ ለትከሻ በደቂቃ ከ2.5 ጊዜ በላይ፣ ለክርንና ለእጅ አንጓ ከ10 በላይ፣ ለጣት ከ200 በላይ። የእኛ ሠራተኛ በእጅ አንጓዋ ወሰኑን አልፋለች። በእንግሊዙ የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ1993 የተሠራውና ሩላ የሚባለው መመዘኛ በደቂቃ ከ4 ጊዜ በላይ የተደጋገመ እንቅስቃሴን ተጨማሪ ነጥብ ይሰጠዋል፤ በዚያም አልፋለች። ሙርና ጋርግ የተባሉ አሜሪካውያን በ1995 ያወጡት መለኪያ በደቂቃ የሚወጣውን የጉልበት ብዛት ከአምስት ሌሎች ነገሮች ጋር ያባዛዋል፤ ከእነሱም ውስጥ የጉልበቱ ብርታት፣ የአንጓው አያያዝ፣ የሥራው ፍጥነትና በቀን የሚፈጀው ሰዓት ይገኙበታል። ጣሊያናውያኑ ኦኪፒንቲና ኮሎምቢኒ የነደፉት፣ በኋላም በ2007 ዓለም አቀፍ የደረጃ መለኪያ ውስጥ የገባው ኦክራ የተባለው ዘዴ ደግሞ ቀኝና ግራ እጅን ለየብቻ ይቆጥራል። መነሻው በደቂቃ 30 ድርጊት ነው፤ ይህ ግን ሁሉ ነገር ሲመቻች ነው። አንጓው ከተጣመመ፣ ጉልበት ከተጨመረ ወይም ዕረፍት ካነሰ፣ የሚፈቀደው ቁጥር እየተቀነሰ ይሄዳል።

የእነዚህን ቁጥሮች መለያየት አይቶ «ሳይንሱ ራሱ አልተስማማም» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ይህን ክርክር አልቀበለውም። መለኪያዎቹ የተለያዩት የሚቆጥሩት ነገርና የሚለኩት የሰውነት ክፍል ስለተለያየ ነው። በደቂቃ 3 ጊዜ መደጋገም ለጣት ምንም አይደለም፤ እጅ ከራስ በላይ ለሚነሣበት ትከሻ ግን ብዙ ነው። ቁጥር ከሰውነት ክፍል ተነጥሎ ሲጻፍ ነው ትርጉም የሚያጣው።

ከመደጋገም ጋር መነሣት ያለበት ሌላም ነገር አለ፤ እሱም ጭራሽ አለመንቀሳቀስ ነው። ያቺ የስፌት ሠራተኛ እጇ ሲሮጥ ትከሻዋና አንገቷ ምን ያደርጋሉ? ጨርቁ ላይ አቀርቅረው እንደተወጠሩ ይቆያሉ። ስዊድናዊው ጎራን ሃግ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረበው ማብራሪያ እንዲህ ይላል፤ ጡንቻ በትንሽ ኃይል ሲሠራም መጀመሪያ የሚቀሰቀሱት ትናንሾቹ ክሮች ናቸው፤ የሚያርፉትም መጨረሻ ላይ ነው፤ ሥራው ቀላል ቢመስልም እነሱ ቀኑን ሙሉ ዕረፍት አያገኙም። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል ብዙ ሠራተኞች «ከእጄ ይልቅ ትከሻዬ ነው የሚቆረጥመኝ» የሚሉት። ሩላ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሳይንቀሳቀስ የተያዘን አካል በደቂቃ ከ4 ጊዜ በላይ ከተደጋገመ እንቅስቃሴ ጋር በአንድ ነጥብ የሚያስቀምጠውም ለዚህ ነው። የጉዳት ምዘና ቅጽ ላይ «እንቅስቃሴ» የሚል ሣጥን ብቻ ካለ ይህ ጉዳት የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ሌላ ሥራ ልውሰዳችሁ፤ የ30 ሰከንዱ መለኪያ በሁለቱም ሐረጉ የሚሰናከልበት ቦታ ስለሆነ። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ሆቴል ክፍል በማጽዳት የሚተዳደሩ እህቶቻችንና እናቶቻችን ጥቂት አይደሉም። የአንድ ክፍል ጽዳት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል እንበል። ዙሩ ረጅም ነው፤ ሥራውም የተለያየ ነው፤ አልጋ አለ፣ መታጠቢያ ቤት አለ፣ መስተዋት አለ፣ ምንጣፍ አለ። በወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ «ያልተደጋገመ» ሥራ አታገኙም። አልጋው ላይ ስትሆን እዩአት። ጎንበስ ብላ በአንድ እጇ የፍራሹን ማዕዘን ታነሣለች፤ ሳትለቀው በሌላው እጇ አንሶላውን ታስገባለች፤ ዞራ ሁለተኛውን ማዕዘን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ክፍሉ ሁለት አልጋ ካለው ስምንት ነው። ክፍሉ ሲጨመር ይባዛል። ጀርባዋ፣ ትከሻዋና አንጓዋ ሰዓት አይቆጥሩም፤ የሚያውቁት የተነሣውን ፍራሽ ነው።

የካሊፎርኒያ ግዛት ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው። ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የመጀመሪያ የሆነውን የተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ጉዳት ደንብ አውጥቶ ነበር። ደንቡ ግን ጠባብ በር ነበረው። ጉዳቱ ከአንድ በላይ በሆኑ ሠራተኞች ላይ መድረስ አለበት፤ ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ መሆን አለባቸው፤ በ12 ወር ውስጥ ሪፖርት መደረግ አለበት፤ ሐኪምም ጉዳቱ 50 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከተደጋገመው ሥራ የመጣ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። በአንድ መደብ ላይ ብቻዋን የምትሠራ ሴት እጇ ቢሽመደመድም ደንቡ አይነካትም። የሆቴል ሠራተኞች ማኅበሩ ዩናይት ሂር በ2012 አቤቱታ አቀረበ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ለሆቴል ክፍል አጽጂዎች ብቻ የሆነ ሌላ ደንብ ወጥቶ ከሐምሌ 1 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አዲሱ ደንብ በአንድ የሰከንድ ቁጥር ላይ አልቆመም። ማንሣትን፣ መጎንበስን፣ መዘርጋትን፣ ጥድፊያንና የዕረፍት ማነስን በስም ጠርቶ፣ አሠሪው ሥራው በሚሠራበት ቦታ እንዲመዝን፣ ምዘናውንም ከአጽጂዎቹና ከማኅበራቸው ተወካይ ጋር እንዲያደርግ አዘዘ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህን የመጨረሻውን ነው። ፍራሹ ምን ያህል እንደሚከብድ ከምታነሣው ሴት የተሻለ የሚያውቅ ማን አለ?

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ታሪክ ያሳዝናል። የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ኦሻ ከብዙ ዓመት ዝግጅት በኋላ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 አጠቃላይ ደንብ አወጣ። በዚያ ውስጥ ተደጋጋሚ የሚባለው ሥራ ግልጽ ተደርጎ ተጽፎ ነበር፤ አንድን እንቅስቃሴ በየጥቂት ሰከንዱ መደጋገም፣ ወይም የእንቅስቃሴ ዙርን በደቂቃ ከሁለት ጊዜ በላይ መደጋገም፣ ያም በቀን ውስጥ ከሁለት ተከታታይ ሰዓት በላይ ሲቆይ። በመጋቢት 2001 ኮንግረሱ ደንቡን ሻረው፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽም ፈረሙበት። ትርጉሙ ከደንቡ ጋር ወደቀ።

በዚያ አገር ሆናችሁ የሥራ ካሳ ወይም የአካል ጉዳት ወረቀት ለምትሞሉ አንድ ነገር ላስታውስ። እዚያ መዛኞች «አልፎ አልፎ»፣ «ብዙ ጊዜ» እና «ዘወትር» የሚሉ ቃላት ይጠቀማሉ። እነዚህ የጨዋታ ቃላት አይደሉም። አልፎ አልፎ ማለት ከሥራው ቀን እስከ አንድ ሦስተኛው ነው፤ በ8 ሰዓት ቀን እስከ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ብዙ ጊዜ ማለት ከዚያ በላይ እስከ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ከዚያ ያለፈው ዘወትር ነው። «በሥራሽ ላይ እጅሽን አልፎ አልፎ ነው ወይስ ብዙ ጊዜ የምትጠቀሚው?» ስትባል በትሕትና «አልፎ አልፎ» ብላ የመለሰች እናት በቀን አምስት ሰዓት የሠራችውን ሥራ በአንድ ቃል በግማሽ ቀነሰችው ማለት ነው። አስተርጓሚዎችም ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

የእንግሊዝ መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። እንግሊዝ የቴሌግራፍ ሠራተኞችን የእጅ መጨምደድ ካሳ ከሚከፈልባቸው የሥራ በሽታዎች መዝገብ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ካርፓል ተነልን በሚመለከት መዝገቡ ቁርጥ ያለ ቃል አለው፤ የእጅ አንጓን ወደ ታችና ወደ ላይ ደጋግሞ ማጠፍ፣ በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት፣ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት 24 ወራት ውስጥ ተደምሮ ቢያንስ 12 ወር፤ «ደጋግሞ» ማለትም በየ30 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ። እዚህ ላይ 30 ሰከንዱ የሚለካው የሥራውን ዙር ሳይሆን የአንጓውን መታጠፍ መሆኑን ልብ በሉ። እጅጌ የምትገጥመው ሠራተኛ በዚህ ቃል ታልፋለች።

በአገራችን ነገሩ የት ላይ ነው? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ጉዳትን ከሁለት ይከፍለዋል፤ በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋና በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ። እኛ የምንነጋገርበት የሁለተኛው ወገን ነው። አዋጁ የበሽታዎቹ ዝርዝር በመመሪያ እንዲወጣና ቢያንስ በየ5 ዓመቱ እንዲከለስ ያዛል። በዝርዝሩ የተጻፈ በሽታ፣ ከጎኑ በተጻፈው ሥራ ላይ በተሰማራ ሠራተኛ ላይ ሲገኝ፣ ከሥራው የመጣ ለመሆኑ ያ ራሱ በቂ ማስረጃ ይሆናል። የዚህን ድንጋጌ ክብደት ብዙ ሰው አያስተውለውም። በዝርዝሩ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ማስረጃ ፍለጋ አትንከራተትም፤ ከዝርዝሩ ውጭ የቀረችው ግን የዓመታት እንቅስቃሴዋን በምስክር እንድታስረዳ ይጠበቅባታል። የዝርዝሩ አንድ መስመር አጻጻፍ ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል።

ለአርአያ የሚሆን ጽሑፍም አለ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የከለሰው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ለጡንቻና ለአጥንት ሕመሞች አንድ ክፍል ሰጥቷል፤ በተደጋጋሚ እንቅስቃሴ፣ በጉልበትና በተጣመመ አንጓ የሚመጣውን የጅማት ሽፋን መቆጣት፣ የክርን ጅማት ሕመምን፣ ካርፓል ተነልን በስማቸው ይጠራል። ድርጅቱ መደጋገምን ብቻውን እንዳላቆመው አስተውሉ። ከጎኑ ጉልበት፣ የአካል አያያዝ፣ ንዝረትና የጊዜ ርዝመት ተጽፈዋል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በቦሌ ለሚና በሌሎችም ፓርኮች፣ በስፌት መኪና ላይ የሚውሉ ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸው። በአበባ እርሻዎች መቀስ ይዘው የሚውሉ አሉ። ቡና ለቀማ ላይ ቀኑን ሙሉ አቀርቅረው የተበላሸውን ፍሬ በጣታቸው የሚለዩ እናቶች ከፓርኮቹ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ስለ እነሱ አንጓና አንገት የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው።

አሠሪዎች የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። «ቤቷ ሄዳ ልብስ ታጥባለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፤ ሕመሙ ከዚያ አለመምጣቱን በምን አወቃችሁ?» ካርፓል ተነል በእርግዝና፣ በስኳር በሽታ፣ በእንቅርት ዕጢ ችግርና በውፍረትም ይመጣል፤ መዛኝ ይህን ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም። ግን ጥያቄው ከቀረበ መልሱም በቁጥር ይቅረብ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ልብስ ያጠበች ሴት በሳምንት 48 ሰዓት እጅጌ ገጥማለች፤ ሕጉ የሚፈቅደው 12 ሰዓት ኦቨርታይም ከተጨመረ 60 ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ «ከቤት የመጣ ነው» ማለት ምዘና አይባልም። ፈቃድ በወጣችበት ጊዜ ቀሎላት ስትመለስ ከባሰባት ደግሞ፣ ያ ልዩነት መዝገቡ ላይ መስፈር አለበት፤ በፈቃዷ ጊዜም እንጀራ ስትጋግር ነበርና።

ስለ አቆጣጠሩ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ቆጠራ ጠዋት ሁሉም ሰው ትኩስ በሆነበት ሰዓት፣ ሱፐርቫይዘሩ አጠገብ ቆሞ፣ ሠራተኛዋ «እስቲ አሳዪን» ተብላ አይደረግም። ሰው ሲታይ ወይ ይፈጥናል ወይ ይጠነቀቃል። ከምሳ በፊትና ወደ ማብቂያው ሰዓት፣ ቢያንስ አሥር ዙር ያህል፣ በፈቃዷ በሞባይል ተቀርጾ፣ ኋላም ዝግ ተደርጎ እየታየ ይቆጠር። ቀኝና ግራ ለየብቻ። ጉልበቱን እሷ ራሷ ከ0 እስከ 10 ትገምት፤ ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ያወጣው ይህ መለኪያ ከስልክና ከወረቀት ሌላ አያስፈልገውም። ዕረፍቱም ይጻፍ፤ ደንቡ የሚለው ሳይሆን በእርግጥ የተወሰደው። በኦክራ ዘዴ አንድ ሰዓት ሠራተኛው የሚያገግምበት ነው የሚባለው ከውስጡ 8 እስከ 10 ተከታታይ ደቂቃ ዕረፍት ሲኖርበት ነው። ለሽንት ቤት እንኳ አስፈቅዶ በሚወጣበት መስመር ላይ ይህ አለ ወይስ የለም፤ መልሱ በግልጽ ይጻፍ።

እንግዲህ መመሪያውን ለሚያረቁ፣ በሕክምና ቦርድ ለሚቀመጡና ለሠራተኛ ማኅበራት የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። የእንግሊዙን አጻጻፍ መነሻ እናድርገው፤ የሰውነት ክፍሉን ስለሚጠራና ድግግሞሹን ስለሚቆርጥ። በሳምንት 20 ሰዓት የሚለውን ግን አልወስደውም። መስመር ላይ ያሉ ሠራተኞቻችን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው በየቀኑ ይዛወራሉ፤ ጠዋት ኮሌታ፣ ከሰዓት እጅጌ፣ ማታ ክር ቆረጣ። እያንዳንዱ ለብቻው 20 ሰዓት ላይሞላ ይችላል፤ አንጓው ግን በሦስቱም ላይ ይታጠፋል። ስለዚህ ሰዓቱ በሰውነት ክፍሉ ይደመር፤ ወሰኑም በአማካይ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ይሁን፤ ኦሻም ሆነ የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጧቸው ደንቦች ሁለት ሰዓትን መነሻ አድርገው ነበር። ሁለቱም ደንቦች ተሽረዋል፤ የዋሽንግተኑ በ2003 በሕዝብ ድምፅ ነው የወደቀው። የተሻሩት ግን በፖለቲካና በወጪ ክርክር ነው፤ የሠራተኛው አንጓ ከሁለት ሰዓት በላይ መቻሉን ያሳየ ሰው ስለመጣ አይደለም። በቀን ሁለት ሰዓት የሚለው ወሰን ለአሠሪ ያነሰ ከመሰለ፣ አሠሪው ራሱ ሥራውን አስቆጥሮ ይምጣና ያስረዳ፤ መዝገቡም፣ ካሜራውም፣ የምርት ሰሌዳውም ያሉት እሱ ዘንድ ነው።